ድርቅ ከፍሬው ውስጥ የሚወስደው



ድርቅ ደረሰ በተባለ ቁጥር የምንሰማቸው ቁጥሮች የታወቁ ናቸው፤ ይህን ያህል ሄክታር ደረቀ፣ ይህን ያህል ኩንታል ቀነሰ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ርዳታ ይጠብቃል። በ2008 ዓ.ም. ኤልኒኞ ያባባሰው ድርቅ አገራችንን ሲመታ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነግሮ ነበር። ሊነገርም ይገባ ነበር፤ ነፍስ ማዳን ከሁሉ ይቀድማል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን እነዚያ ቁጥሮች የማያሳዩትን ጉዳት ነው። ገበሬው ከተጎዳው ማሳ ለቃቅሞ ያስገባው ጥቂት እህል ራሱ ከደህና ዘመን እህል ጋር አንድ አይደለም። ሚዛን ላይ ኩንታሉ ያው መቶ ኪሎ ነው። ወፍጮ ቤት ሲገባ፣ ሲቦካ፣ ሲጋገር፣ ሲጠመቅ ግን ሌላ ይሆናል። በየቤቱ «የዘንድሮው ዱቄት አይበረክትም» ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ እንዲያው ማማረር አይደለም፤ ሊመዘንና በማይክሮስኮፕ ሊታይ የሚችል ምክንያት አለው።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ፍሬው ውስጥ እንግባ። የጤፍ፣ የስንዴ፣ የማሽላ፣ የገብስ ወይም የበቆሎ ፍሬ ብትወስዱ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ በብዙዎቹም ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚደርሰው ስታርች ነው። የቀረውን ፕሮቲን፣ ቅባት፣ አሰር፣ ማዕድንና ውሃ ይካፈሉታል። ስታርች የሚሠራው ከግሉኮስ ስኳር ነው። ግሉኮሶቹን እንደ ዶቃ ብንቆጥራቸው ተክሉ በሁለት መንገድ ይሰካቸዋል። አንደኛው አሚሎዝ ይባላል፤ ቅርንጫፍ የለውም ለማለት የሚያስደፍር ረጅም ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው አሚሎፔክቲን እጅግ ግዙፍና በየአጭር ርቀቱ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ነው። በተለመዱት እህሎቻችን ውስጥ አሚሎዝ ሩብ ያህሉን፣ አሚሎፔክቲን ሦስት አራተኛውን ያህል ይይዛሉ።

ሁለቱ ተጣምረው በጥቃቅን ቅንጣቶች መልክ ይከማቻሉ። የስንዴና የገብስ ቅንጣቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከ10 ማይክሮሜትር በላይ የሆኑ ጠፍጣፋ ትልልቆች፣ ከዚያ ያነሱ ድቡልቡል ትንንሾች። ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ትልልቆቹ በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም የስታርቹን ክብደት አብዛኛውን ይይዛሉ። የጤፍ ቅንጣቶች ከዚህም ያነሱ ናቸው። ኢትዮጵያዊው የምግብ ሳይንስ ምሁር ገረመው ቡልቶሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የጤፍ ስታርች ቅንጣት ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር እንደሆነና አሚሎዙም ከ25 እስከ 32 በመቶ ገደማ እንደሚደርስ አሳይተዋል። ለዘመናት የጋገርነውን እህል ውስጡን ገልጦ ያሳየን ሥራ ስለሆነ ስማቸውን በአክብሮት አነሣለሁ።

ይህ ሁሉ ከማዕድ ቤት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘው ውሃና ሙቀት ነው። ስታርች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢበጠበጥ ይዘቅጣል እንጂ አይሟሟም። ሙቀቱ ከፍ ሲል፣ ለስንዴ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ ለጤፍና ለማሽላ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ቅንጣቶቹ ውሃ ይጠጡና ያብጣሉ፤ ይፈነዳሉ፤ ፈሳሹም ይወፍራል። እናቶቻችን ይህን ሳይንስ በቃላት ሳያስቀምጡት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ አብሲት መጣል ማለት ይኸው ነው። ከተቦካው ሊጥ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል፤ ከዚያ ወደ ሊጡ ይመለሳል። የበሰለው ስታርች ሊጡን ያያይዘዋል፤ በመቡካት የሚፈጠረውን ጋዝ ይይዛል፤ ሊጡ ኩፍ ይላል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። ያለ አብሲት የተጋገረ እንጀራ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ይጠነክራል። አሚሎዝ በሰዓታት ውስጥ እርስ በርሱ እየተጠጋ ይገጥማል፤ አሚሎፔክቲን ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ ይከተለዋል። ዳቦ የሚደርቀው፣ እንጀራ በሦስተኛው ቀን የሚሰነጣጠቀው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ ስታርቹ ቅርጹን ስለለወጠም ነው። የጤፍ ስታርች ከበቆሎ ስታርች ሲነጻጸር የመጠንከር ዝንባሌው ዝቅ ያለ መሆኑ በጥናት ታይቷል። የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ሲፈረፈር የጤፉ ገና ለስላሳ መሆኑም የታወቀ ነው። ተመራማሪዋ ሰናይት የትነበርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ የማሽላ እንጀራ ጥራት ከዝርያ ዝርያ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ማሽላውን መሸክሸክና ከጤፍ ጋር መቀላቀል እንጀራውን እንደሚያሻሽል አስከትለው አረጋግጠዋል። የስታርች ጥራት ስል እንግዲህ ይህን ሁሉ ማለቴ ነው፤ መጠኑን፣ የሁለቱን ሰንሰለቶች ድርሻ፣ የቅንጣቶቹን ስፋት፣ ከዚህም የሚመጣውን የሊጥ፣ የእንጀራና የዳቦ ጠባይ።

አሁን ወደ ማሳው እንሂድ። ስታርች በፍሬው ውስጥ ይሠራ እንጂ ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከቅጠል ነው። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩ በቀጫጭን ቧንቧዎች ወርዶ ወይም ወጥቶ ፍሬው ይደርሳል። እዚያ ኢንዛይሞች ይቀበሉታል። አንዱ ኢንዛይም ስኳሩን ይከፍለዋል፤ ሌላው ለሰንሰለት ሥራ ያዘጋጀዋል፤ ሌሎች ሰንሰለቱን ያረዝማሉ፤ ሌሎች ቅርንጫፍ ያበጁለታል። አሚሎዝን የሚሠራው ራሱን የቻለ ኢንዛይም ከቅንጣቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ሥራው የሚጀመረው አበባው ከተዳቀለ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ገደማ የፍሬው ሕዋሳት ይባዛሉ፤ ይኸውም የጎተራው ስፋት የሚወሰንበት ጊዜ ነው። በስንዴ ትልልቆቹ የስታርች ቅንጣቶች የሚጸነሱት በዚህ ወቅት ነው። ትንንሾቹ ዘግይተው፣ ከሁለተኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የመሙያ ጊዜ ናቸው፤ እሸቱ ወተት ይይዛል፤ ወተቱ ይወፍራል፤ በመጨረሻ ይደርቃል።

እንግዲህ ዝናቡ የቀረው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። እኔ በዚህ ንግግር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ፤ የጎደለው ዝናብ መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ የጎደለበት ሳምንት ሲለያይ በፍሬው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ዓይነቱ ይለወጣል።

ድርቁ አበባ ላይ ቢመጣ የሚጠፋው የፍሬ ቁጥር ነው። በቆሎ ጸጉር በሚያወጣበት ሳምንት ውሃ ካጣ ፍሬዎቹ ገና በጽንስ ይሞታሉ፤ ስትሸለቅቁት ጥርሱ የረገፈ ራስ ታገኛላችሁ። አሜሪካዊው የተክል ሳይንስ ሊቅ ጆን ቦየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 አስደናቂ ሙከራ አሳተሙ። ውሃ በተነፈገው በቆሎ አገዳ ውስጥ ስኳር ያለበት የተመጣጠነ ፈሳሽ አስገቡ፤ ውሃው ራሱ ተክሉን ከጥም የሚያወጣ አልነበረም። ሊሞቱ የነበሩት ፍሬዎች ብዙዎቹ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሥራዎች ምክንያቱን አብራሩት፤ ጥም ሲበረታ ቅጠሉ ስኳር መላክ ያቆማል፤ ጽንሱ ውስጥ የነበረችው ጥቂት ስታርች ትሟጠጣለች፤ ስኳር የሚከፍለው ኢንዛይምም ይዳከማል። ያ ፍሬ የሞተው በጥም ብቻ ሳይሆን በረሃብም ጭምር ነበር።

በእኛ አገር ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የኋለኛው ድርቅ ነው። በራያና ቆቦ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በስምጥ ሸለቆ ቆላዎች ገበሬው የሚፈራው ክረምቱ ቶሎ መውጣቱን ነው። ሰብሉ አምሮ ያድጋል፤ ዛላ ያወጣል፤ ያብባል፤ ልክ እሸት ሲይዝ ሰማዩ ይጠራል። ተክሉ ውሃ ሲያጣ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ ውሃ ይቆጠባል፤ ነገር ግን ለስኳር ሥራ የሚያስፈልገው አየርም አይገባም። ቅጠሉን የሚያቀዘቅዘው ላብ ስለሚቆም ቅጠሉም ዛላውም ይግላሉ። ታችኞቹ ቅጠሎች ከጊዜያቸው በፊት ይጠወልጋሉ። ስንዴና ገብስ በዚህ ጊዜ አንድ መላ አላቸው፤ በደህናው ጊዜ አገዳቸው ውስጥ ያጠራቀሙትን ስኳር እያወጡ ወደ ፍሬው ይልካሉ። ይህ መጠባበቂያ ብዙ ዛላ ያድናል። ግን ያልቃል።

ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነው። በስንዴ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ውሃ በተነፈገው ፍሬ ውስጥ ስኳር እያለ ስታርች የማይሠራበት ጊዜ እንዳለ ታይቷል። ጥሬ ዕቃው በር ላይ ደርሷል፤ ኢንዛይሞቹ ግን ደክመዋል። ከሁሉ ቀድመው ከሚዳከሙት አንዱ አሚሎፔክቲንን የሚያረዝመው ኢንዛይም ሲሆን ይህ በተለይ ለሙቀት ስስ ነው። ፍሬው ይህ ሁሉ ሲደርስበት ቶሎ ለመብሰል ይቸኩላል። በደህናው ጊዜ 40 ቀን የሚፈጀው መሙላት በ25 ወይም በ30 ቀን ያበቃል። የቀረው ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ የደረቀ ፍሬ ከዚያ በኋላ የመስከረም ዝናብ ቢዘንብለትም አይሞላም።

ምን ያህል እንደሚጎድል በአንድ ፍሬ እናስላው። ለምሳሌ ያህል በደህና ዘመን 40 ሚሊግራም የሚመዝን የስንዴ ፍሬ እንውሰድ፤ 65 በመቶው ስታርች፣ 12 በመቶው ፕሮቲን ነው እንበል። ስታርቹ 26 ሚሊግራም፣ ፕሮቲኑ 4.8 ሚሊግራም ይሆናል። ድርቅ የመታው ፍሬ 28 ሚሊግራም ይመዝን፤ ስታርቹ ወደ 60 በመቶ ይውረድ፣ ፕሮቲኑ ወደ 15 በመቶ ይውጣ። አሁን ስታርቹ 16.8፣ ፕሮቲኑ 4.2 ሚሊግራም ነው። ከስታርቹ ከሦስት እጅ አንዱ ሄዷል፤ ከፕሮቲኑ የሄደው ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ነው። ፕሮቲን የሚሠራበት ናይትሮጅን አብዛኛው ቀደም ብሎ በቅጠሉና በአገዳው ተሰብስቦ ስለነበረ ድርቁ ስታርቹን ያህል አልነካውም።

በዚህ ምክንያት የድርቅ ዓመት እህል ቤተ ሙከራ ሲገባ «ፕሮቲኑ ከፍ ያለ» የሚል ውጤት ይዞ ይወጣል። ይህ ውጤት እውነት ነው፤ አሳሳችም ነው። በመቶኛ የጨመረው ፕሮቲን በፍሬ ሲቆጠር ቀንሷል፤ በሄክታር ሲቆጠር ደግሞ ይበልጥ ቀንሷል። ፕሮቲን ጨመረ ማለት ዳቦው አማረ ማለትም አይደለም። ድርቁ ከሙቀት ጋር ሲመጣ ሊጡን የሚያጠነክሩትና የሚያለሰልሱት ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ክፍሎች ሚዛናቸው ይዛባልና፣ ፕሮቲኑ በቁጥር ከፍ ብሎ ሊጡ የሚላላበት ጊዜ አለ። ሪፖርት የምታነቡ ወገኖቼ ይህን አንዲት መቶኛ አይታችሁ እንዳትጽናኑ አደራ እላለሁ።

ስታርቹ በመጠን ሲቀንስ በዓይነቱስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምርምሩ የጠለቀው፣ ክርክሩም የበዛው እዚህ ነውና። ድርቁ ዘግይቶ ሲመጣ ስንዴ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ዘግይተው የሚጸነሱት ትንንሽ ቅንጣቶች ናቸው። ትልልቆቹ ቀድመው ቦታቸውን ይዘዋል፤ ትንንሾቹ ግን ቁጥራቸው ያንሳል፤ የተጀመሩትም ሳያድጉ ይቀራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በአንዳንዶቹ ትልልቅ ቅንጣቶች ገጽ ላይ ጉድጓዶች ይገኛሉ። የአሚሎዝ ድርሻን በተመለከተ ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ አይደለም። በስንዴ ላይ ከተሠሩት በርካቶቹ ቀነሰ ይላሉ፤ ሌሎቹ አልተለወጠም ወይም ጨመረ ይላሉ። ይህ ልዩነት ሰዎችን ግራ ሲያጋባ አይቻለሁ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ትክክል ሊሆኑ እንደሚችሉ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለት ተቃራኒ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። አሚሎዝ ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ድርሻው የሚጨምር ነው፤ ስለዚህ መሙላቱ ሲቋረጥ አሚሎዙ ጎድሎ ይቀራል። በሌላ በኩል ትንንሾቹ ቅንጣቶች በስንዴ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከትልልቆቹ ያነሰ አሚሎዝ ስላላቸው የእነሱ መጥፋት የአሚሎዙን ድርሻ ወደ ላይ ይገፋዋል። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስኑት ድርቁ የመጣበት ሳምንት፣ አብሮት የመጣው ሙቀትና የዝርያው ጠባይ ናቸው።

ይህ ለወፍጮ ቤቱና ለጋጋሪው ምን ይሆናል? የቀጨጨ ፍሬ ሆዱ ጎድሎ ልጣጩ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ስንዴ የሚወጣው ፉርኖ ዱቄት ያንሳል፣ ፉርሽካው ይበዛል። ነጋዴዎች ስንዴን በስፍር ጭምር የሚመዝኑት ለዚህ ነው፤ የሞላ ስንዴ አንድ መቶ ሊትር ስፍሩ ከ76 እስከ 80 ኪሎ ሲመዝን የቀጨጨው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ቤት ውስጥ ሙሉውን ለሚያስፈጭ ሰው ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ የልጣጩ ድርሻ ከፍ ይላል፤ የሚያብጥና የሚያያይዘው ስታርች ያንሳል። ከተመሳሳይ ኪሎ የሚወጣው ሊጥ አይበረክትም የሚባለው እውነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ገብስ ላይ ሂሳቡ በገንዘብ ይታያል። ቢራ ጠማቂዎች ከብቅል የሚፈልጉት ስታርች ወደ ስኳር ተለውጦ የሚወጣላቸውን ነው፤ ፕሮቲን ከ9 እስከ 12 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይጠይቃሉ። በአርሲና በባሌ ለብቅል የሚያመርት ገበሬ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣበት ገብሱ በሁለት በኩል ይወድቃል፤ ፍሬው ከወንፊቱ በታች ይፈሳል፣ ፕሮቲኑም ከተፈቀደው በላይ ይሆናል። እኩል ደክሞ ያመረተው እህል ለብቅል መሆኑ ቀርቶ በምግብ ወይም በመኖ ዋጋ ይሸጥበታል። ቤት ውስጥ ጠላ የምትጠምቅ ሴትም ከቀጨጨ ገብስ ብቅል ብታበቅል ይኸው ይገጥማታል፤ ስታርቹ ባነሰ መጠን ስኳሩም ያንሳል፣ ጠላውም ይቀጥናል።

የቀጨጨ ፍሬ ሁሉ ግን የድርቅ ልጅ አይደለም። ወሎ ውስጥ «ወተት በጉንጬ» የምትባል ማሽላ አለች፤ ፍሬዋ በተፈጥሮዋ የተጨማደደ ነው፤ ገበሬዎችም እሸቷን ጠብሰው ይበሏታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ማሽላዎች መካከል ላይሲን የተባለው ለሰው አካል አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል ከፍ ያለባቸውን አገኙ፤ መገኛቸው ይኸው ወሎ ነበር። እዚህ ፍሬውን ያጨማደደው ዘሩ ራሱ ነው፤ ከሙሉ ፍሬ ይልቅ ስታርቹ አንሶ የፕሮቲኑ ዓይነት ተሻሽሏል። ገበሬው ይህን ልዩ ዘር ለይቶ ሲያቆይ ለኩንታል ብሎ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ለጣዕምና ለጥራት ብሎ ነው።

ማሽላን ካነሣሁ አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በዓለም ላይ የኋለኛውን ድርቅ በመቋቋም እጅግ ከተጠኑት የማሽላ ዘሮች አንዱ ቢ 35 ይባላል። የተገኘው ከኢትዮጵያ ከሄደ ዱራ የተባለ የማሽላ ወገን ነው። ጠባዩ ይህ ነው፤ ዝናቡ ቀርቶ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ሌላው ሲደርቅ እርሱ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ ይቆያል። አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ አዳቃዮች በሰፊው ተጠቅመውበታል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ምስጢሩን ሲመረምሩ እንዲህ ያሉ ማሽላዎች ቀደም ባለው ጊዜ ቅጠል በልኩ እንደሚያወጡ፣ ውሃውን እንደሚያተርፉና ለፍሬ መሙያ እንደሚያቆዩት አገኙ። የኢትዮጵያ ገበሬ ለዘመናት መርጦ ያቆየው ጠባይ የሌላ አገር ጎተራ ሞልቷል። እኛም ተክሉ ለፍሬው ያተረፈው ውሃ ምን ያህል ስታርች እንደሚያስገኝ ልንለካ ይገባል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የማሽላ አዳቃይ ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በማሽላ ሥራቸው ነው፤ ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 የተለቀቀው ድርቅ የሚቋቋመው ድቅል ማሽላቸው ገበሬው ዘንድ የደረሰ ውጤት ነበር። ይህን ያህል ሀብትና ሰው ያላት አገር የድርቅ ዓመት እህሏን ጥራት ሳትለካ መኖሯ ያሳዝነኛል።

ውሃ ብቻውን ሁሉን እንደማይፈታም መናገር አለብኝ። በአዋሽ ተፋሰስ ቆላዎች ስንዴ በመስኖ ይመረታል። ውሃው አለ፤ ሙቀቱ ግን ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ስንዴ ለመሙላት የሚመቸው ግን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። አስቀድሜ የጠቀስኩት ሙቀት የማይችለው ኢንዛይም እዚህም ይዳከማል፤ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ፍሬው ሳይሞላ ሊበስል ይችላል። በወረር የምርምር ማዕከል «ፈንታሌ»ንና «አሚባራ»ን የመሳሰሉ ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎች የተለቀቁት ለዚህ ነው። የመዝሪያ ጊዜውን ወደ ቀዝቃዛዎቹ ወራት መግፋትም ያንኑ ያህል ያግዛል።

ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ዝናቡ ከሚጎድልበት ሳምንት ይነሣል። ገበሬው ያለው ውሃ ትንሽ ከሆነ፣ በኩሬም ይሁን በጉድጓድ ያጠራቀመው፣ አንዲቷን ማጠጣት ለየትኛው ጊዜ ያቆያት? በሰብሉ ልጅነት ከሚያባክናት ይልቅ ለአበባና ለእሸት ያቆያት። በራያ ሸለቆ የሚሠራው ጎርፍ እየጠለፉ ማሳ ማጠጣት አፈሩን እስከ ውስጥ ያረሰርሰዋል፤ ያ ጥልቅ እርጥበት ነው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ፍሬውን የሚሞላው። ሽልሻሎም እንዲሁ ነው። በማሽላና በበቆሎ ማሳ መካከል በሬ አስገብቶ ማረስ አረሙን ያጠፋል፤ የበዛውን ቡቃያ ያሳሳል፤ የዝናቡንም ውሃ በትልሙ ውስጥ ያቆያል። ያልሳሳ ማሳ ቅጠል በዝቶበት ውሃውን ቀድሞ ይጨርሰዋል፤ በመሙያው ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል።

መጠነኛ መድረቅ ሁልጊዜ ጎጂ እንዳልሆነም ሊታወቅ ይገባል። በቻይና በሩዝና በስንዴ ላይ የተሠሩ ሥራዎች እንዳሳዩት ማዳበሪያ በዝቶበት አረንጓዴነቱ አልለቅ ያለ ሰብል በመሙያው ጊዜ አፈሩ በልኩ ሲደርቅበት በአገዳው ያለውን ስኳር ፈጥኖ ወደ ፍሬው ይልካል፤ ፍሬውም የተሻለ ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው መድረቁ ከልክ ሲያልፍ፣ ቅጠሉ ሌሊት እንኳ መታደስ ሲያቅተው ነው።

ከሁሉ በላይ የምከራከርበት ግን የዝርያ ምርጫችንን ነው። እንደ «ጸደይ» ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ጤፎች ከክረምቱ መውጣት በፊት ፍሬያቸውን ስለሚሞሉ ለአጭር ዝናብ አካባቢ ትልቅ መፍትሔ ናቸው። ነገር ግን አንድ ዝርያ ሲፈተሽ በደህናው ማሳ ያለው ምርት ይመዘናል፤ በደረቁም ማሳ ይመዘናል፤ ከደረቁ ማሳ የወጣውን እህል ግን ፈጭቶ፣ አቡክቶ፣ ጋግሮ ማየት ሁልጊዜ አይደረግም። ሁለት ዝርያዎች በድርቅ እኩል ኩንታል ሊሰጡ ይችላሉ፤ አንዱ ግን ፍሬውን ሞልቶ በቁጥር ያሳነሰ፣ ሌላው ቁጥሩን አብዝቶ ሁሉንም ያቀጨጨ ሊሆን ይችላል። ለሚዛኑ እኩል ናቸው። ለምጣዱ አይደሉም። የሺህ ፍሬ ክብደትን፣ የስታርች መጠንን፣ የእንጀራን ልስላሴ በሦስተኛው ቀን መለካት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ፈቃድና ልማድ ነው የሚጠይቀው። ዕድሜ ልኳን የጋገረች ሴት በምርጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ብትቀመጥ መሣሪያ የማያየውን ታያለች።

በመጨረሻ ስለ ዘር ልናገር። ስታርች የእኛ ምግብ ከመሆኑ በፊት የቡቃያው ስንቅ ነው። ዘሩ ከመሬት ወጥቶ የመጀመሪያ ቅጠሉን እስኪዘረጋ የሚበላው እናቱ ያስቀመጠችለትን ስታርች ነው። የቀጨጨ ፍሬ ቢበቅልም ከጥልቅ አፈር የመውጣት አቅሙ ያንሳል፤ ቡቃያውም ይሳሳል፤ ይህም የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ከድርቅ ገና በማገገም ላይ ባለበት በተከታዩ ዓመት ነው። ስለዚህ ከተጎዳ ማሳ ዘር የሚያስቀር ገበሬ በወንፊት ነፍቶ ወይም በነፋስ አዝርቶ ከባዱን ለይቶ ያስቀር፤ ቀላሉን ይብላው። ዘር በርዳታ የሚያከፋፍሉ አካላትም ከረጢቱን በኪሎ ብቻ ከመቁጠር አልፈው ብቅለቱንና የሺህ ፍሬ ክብደቱን ከመዝሪያው ቀደም ብለው ይፈትሹት፤ የማይመጥነውንም ለምግብ አውለው ለዘር የሚሆነውን በጊዜ ይተኩት።